ካልተጣላችኝ ሚስቴ ጋር ልታረቅ የሄድኩበት ቀን

በዚያን ዘመን የሰው ልጅ በሙሉ ያናድደኝ ነበር። ከሰው ልጅ ሁሉ ደግሞ የባሰችብኝ ሚስቴ ነበረች። ይህን መጀመሪያ ላይ የምናገረው በኋላ ደግ ሰው መስዬ እንዳላታልላችሁ ነው።

ታሪኩ የደርግ ጊዜ ነው፤ በሰባዎቹ መጨረሻ። የምኖረው ጊንጪ ነበር፤ ሥራዬ የከብት ክትባት። መድኃኒቱን ከነበረዶው በበቅሎ ጭኜ በደንዲ የገበሬ ማኅበራት እዞራለሁ። ገበሬው ከብቱን ሰብስቦ እንዲጠብቀኝ ከሳምንት በፊት አስነግራለሁ። ስደርስ ግማሹ ከብት ግጦሽ ላይ ነው፤ ግማሹ ገበሬ ስብሰባ ላይ ነው። በረዶው ይቀልጣል፣ እኔ እቃጠላለሁ። እንዲህ ስቃጠል ውዬ ቤቴ ስገባ አያንቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኛታለሁ።

አያንቱ ሚስቴ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ስንጋባ ሳቋ አጥር ተሻግሮ ለጎረቤት ይሰማ ነበር። የእንጭኒ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ጴንጤዎች ናቸው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ እላለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የምስመው ግን በዓመት ሁለቴ ነው። በሃይማኖት አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ልጃችን ሲፈን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። በቤታችን የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ይበልጥ የሚያበግነኝም ይኸው ነበር። የጎደለ ነገር ቢኖርማ እሞላው ነበር።

የጀመራት ክረምት ላይ ነው። መጀመሪያ ወሬ ቀነሰች። ቀጥሎ ምግብ። ቀጥሎ ፀጉሯን መሠራት ተወች። በመጨረሻ ትምህርት ቤት መሄዱም ቀረ።

"ምን ሆነሻል?" እላታለሁ።

"ምንም።"

"ማን ምን አለሽ?"

"ማንም።"

"እኔ ምን አጠፋሁ?"

"አንተ ምንም አላጠፋህም።"

ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ፤ ሚስት "ምንም አላጠፋህም" ካለች ጥፋቱ ከባድ ነው ማለት ነው። እኔም ጥፋቴን ፍለጋ ገባሁ። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ እያንዳንዱን ቀን አገላበጥኩ። ለእህቴ ሠርግ የገዛሁላት ቀሚስ አስጠልቷት ይሆን? እናቷ ስትመጣ ፊቴን አጥቁሬ ይሆን? የሌላ ሴት ወሬ ሰምታ ይሆን? ምንም አጣሁ። ጥፋቱን የማያውቅ ጥፋተኛ ሆኖ ሰባት ወር መኖርን ለጠላቴም አልመኝ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ደሟን አዩ፣ ሰገራዋን አዩ፣ ደህና ናት ብለው ቫይታሚን ሰጡን። አክስቷ መጥተው "እምነትሽ ቢደክም ነው፣ ንስሐ ግቢ" አሏት። እናቴ "የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ውሰዳት" አለችኝ። ርዕሰ መምህሩ ስንፍና ነው ብሎ ደመወዟን ሊያግድ ደብዳቤ ጻፈ። አገሩ በሙሉ መካሪ ሆነ። ምክር በጆሮዬ ሞልቶ ፈሰሰ።

የእኔ ድምዳሜ ግን አንድ ነበር፤ ኩርፊያ ነው። ለኩርፊያ ደግሞ በአገራችን መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ጠራሁ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ኦቦ ፈይሳ፣ የአያንቱ አጎት፣ ከእንጭኒ የመጡ ገበሬ ናቸው። ሁለተኛው ሐጂ ነስሩ ከደቡብ መጥተው ጊንጪ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ብዙ ዓመት የሆናቸው፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው። ሁለት ጊዜ ተቀመጡልን።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን በደለሽ? ተናገሪ፤ እናስክስሻለን" ይላሉ ኦቦ ፈይሳ።

"አልበደለኝም" ትላለች ወለሉን እያየች።

"በደሉ ቢከብድ ነው ከአፏ አልወጣ ያለው" ይላሉ ኦቦ ፈይሳ ወደ እኔ ዞረው። ሐጂ ነስሩም ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔ በመሐል እበግናለሁ።

በሁለተኛው ቀን ኦቦ ፈይሳ ፍርዳቸውን አሰሙ። "አንድ የመጨረሻ ሙከራ እናደርጋለን። ካልሆነ ልጄን ይዤ ወደ አባቷ ቤት እገባለሁ። ሕፃኗ እዚሁ ከአባቷ ትቀራለች።" ሲፈን ከእናቷ ልትለይ፣ ቤቴ ሊፈርስ ነበር። አያንቱ ይህን ሰምታ ቀና እንኳ አላለችም።

የመጨረሻውን ሙከራ ያመላከተኝ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው። "አምቦ፣ ካቶሊኮቹ ግቢ አንዲት ሲስተር አሉ። እንዲህ ዝም ያለ ሰው ያነጋግራሉ። ብዙ ሰው ቀንቶት ተመልሷል" አለኝ። እኔም አስታራቂ ናቸው ማለት ነው ብዬ ተረዳሁ። ባልና ሚስትን ሌላ ምን ብሎ የሚያነጋግር ሰው አለ? ስለዚህ ሽማግሌዎቼን ይዤ ወደ ሌላ ሽማግሌ ሄድኩ።

ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ተነሣን። ሲፈንን እናቴ ዘንድ ትተናት ነበር። ኦቦ ፈይሳ በመንገድ ላይ አንድ ሺህ ምሳሌ አወሩላት። ሐጂ ነስሩ ብርቱካን ልጠው ሰጧት፤ እጇ ላይ እንደያዘችው አምቦ ደረስን። ከመናኸሪያው ወጥተን ስንሄድ ኦቦ ፈይሳ ከውኃ ዳር ለምለም ሣር ነጭተው በእጄ አስጨበጡኝ። "ይቅርታ የሚለምን ሰው ባዶ እጁን አይቆምም" አሉኝ። የአባቶች ወግ ነውና ሣሬን ይዤ የካቶሊኮቹ ግቢ ገባሁ።

ዘበኛው "አባ የሉም፣ ለቅዳሴ ገጠር ወጥተዋል፤ ሲስተር ምሕረት አሉ" አለን።

ኦቦ ፈይሳ ቆም አሉ። "ሴት ለሽምግልና ትቀመጣለች እንዴ?"

"ኦቦ ፈይሳ፣ ማሎ፣ እባክህ! እዚህ ድረስ መጥተን?" አሉ ሐጂ ነስሩ።

ሲስተር ምሕረት አጭር፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው የከምባታ ሴት ነበሩ። በአንዲት ትንሽ ክፍል አስቀመጡን። ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ጠረጴዛው ላይ የውኃ ብርጭቆ ብቻ። "እሺ፣ ምን አመጣችሁ?" አሉ።

ኦቦ ፈይሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከሠርጋችን ቀን ጀመሩ። እሳቸው ሲደክማቸው ሐጂ ነስሩ ተቀበሉ። ሁለቱ ሲጨርሱ እኔ ቀጠልኩ። ሣሬን እንደያዝኩ ተነሥቼ፣ ያላወቅኩትን ጥፋቴን ይቅር እንድትለኝ አያንቱን ለመንኩ። አያንቱ የጫማዋን አፍንጫ ታያለች።

"ጨረሳችሁ?" አሉ ሲስተር።

"ጨረስን።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ሦስታችሁ አወራችሁ። እሷ አንድ ቃል አልወጣትም።"

"እሱማ ነው ችግሩ!" አልኩ ሳላስበው ጮክ ብዬ። "ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ናት!"

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። የሰለቸው ሰው ሁኔታ ነበር። "በሉ እናንተ ውጡልኝ። ከእሷ ጋር ብቻችንን እንሁን።"

ኦቦ ፈይሳ ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም። "ባለጉዳይ ተነጥሎ አይሰማም። ደንብ አይደለም።"

"የዚህ ክፍል ደንብ ይሄ ነው፣ አባቴ። ጽዱ ሥር አግዳሚ አለ።"

ወጣን። ከአንድ ሰዓት በላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ኦቦ ፈይሳ "ካቶሊክ ሊያደርጓት ነው" ይላሉ። ሐጂ ነስሩ "ቢያደርጓትስ፣ ከተናገረች ምናለ?" ይላሉ። እኔ ሣሬ በእጄ እየጠወለገ እነሱን አዳምጣለሁ። እዚያ ተቀምጬ ያሰብኩትን ለብዙ ዓመት ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ። አይሳካ፣ ብዬ ተመኘሁ። አጎቷ ይዘዋት ይሂዱና እኔም ልረፍ፤ ቢያንስ ማታ ቤቴ ስገባ ያ ግድግዳና ያ ጀርባ አይጠብቀኝ። ሚስቴን አልጠላሁም፤ ግን በጣም ሰልችቶኝ ነበር።

በሩ ተከፈተና ሲስተር እኔን ብቻ ጠሩኝ።

አያንቱ አልቅሳ ነበር። በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕንባዋን አየሁ። ሲስተር በጣታቸው አስጠነቀቁኝ። "አንድ ነገር ልትነግርህ ትፈልጋለች። እኔ ልንገርልሽ ብላት ራሴ ብላለች። እስክትጨርስ ድረስ አፍህን እንዳትከፍት። ቃል ግባ።"

"ቃሌ ነው" አልኩ።

አያንቱ ቀና አለች። "ለማ፣ እኔ መሞት ነው የምፈልገው" አለችኝ።



"አንተን ጠልቼ አይደለም" አለች ቀጥላ፣ አንድ አንድ ቃል እየጎተተች። "ሲፈንንም ጠልቼ አይደለም። ጠዋት መንቃቴን ሳውቅ ይከብደኛል። ያለ እኔ ይሻላቸዋል እያልኩ እውላለሁ። ልጸልይ ስል እግዚአብሔርም የተቆጣኝ ይመስለኛል። አክስቴ እንዳለችው እምነቴ አልቆ ይሆናል።"

ቃሌን የጠበቅኩ ይመስላችሁ ይሆናል። "እኔ ምን አድርጌሽ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

ሲስተር ምሕረት ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ብርጭቆው ዘለለ፤ ውኃው ፈሰሰ።

"ስለ አንተ አይደለም!" አሉ። "እግዚኦ! ምን አደረግኩ፣ ምን በደልኩ፣ ምን አጠፋሁ! በሰባት ወር ውስጥ መልሱ አንተ ያልሆንክበት አንድ ጥያቄ ጠይቀሃታል?"

ሲስተር አልለቀቁኝም።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"የከብት ክትባት።"

"ላም መኖ ስትተው ከማን ጋር ታስታርቃታለህ?"

በእንዲህ ያለ ሰዓት ይቀለዳል ወይ ብዬ ልቆጣ ነበር፤ አልቻልኩም። ላም መኖ ስትተው ትኩሳቷን እለካለሁ፣ ዓይኗን ገልጬ አያለሁ፣ ሆዷን እዳስሳለሁ። የታመመችን ላም አንድ ቀን እንኳ "ምን ጎደለሽ?" ብዬ አላውቅም። ለሚስቴ ግን ሁለት ሽማግሌና አንድ እፍኝ ሣር ይዤ መጣሁ። ያን ጊዜ እኔም አለቀስኩ።

ሲስተር የፈሰሰውን ውኃ በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ይሄ በሽታ ነው። መድኃኒትም አለው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምችለው አብሬያት መቀመጥና መጸለይ ነው። አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም አለ፤ ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ። ከእሱ ስትመለሱ በየማክሰኞው እዚህ ታመጣታለህ።"

"አብዳለች እያሉኝ ነው?"

"ታማለች እያልኩህ ነው።" ከዚያ ወደ አያንቱ ዞሩ። "አንቺ ደግሞ፣ እምነት ያለው ሰው እግሩ አይሰበርም ያለሽ ማነው? እግርሽ ቢሰበር አክስትሽ ንስሐ ግቢ ትልሽ ነበር?"

አያንቱ አትልም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

"ልጸልይልሽ?"

"እሺ" አለች።

ሲስተር አማተቡ። "ጌታ ሆይ፣ ይህቺ ልጅህ ደክሟታል። ለምን እንደሆነ አናውቅም። አንተ ታውቃለህ፤ ግን አልነገርከንም፤ እኛም ሰልችቶናል። ቢሆንም ይኸው መጥተናል። አንተም አትራቅ። አሜን።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም ነበር። የተናደደ ሰው ከነንዴቱ መጸለይ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም። አያንቱ "አሜን" አለች፤ ድምፅዋም ተሰማ።

ከመውጣታችን በፊት ሲስተር አንድ ሥራ ሰጡኝ። "በየማታው 'ዛሬ የመሞት ሐሳብ መጥቶብሻል?' ብለህ ጠይቃት። ቃሉን አትሸፋፍነው።"

"አዎ ካለችኝስ?"

"አብረሃት ትቀመጣለህ። ብቻዋን አትተዋትም። ከባሰባት ማክሰኞን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ታመጣታለህ።"

"ምን ልበላት?"

"ምንም። እንዳትመክራት።"

ውጪ ኦቦ ፈይሳ ቆመው ጠበቁን። "በደሉ ታወቀ?" አሉ።

"በደል የለም፣ ኦቦ። ታማ ነው።"

"ሐኪም አይቷት የለም? ደሟ ንጹሕ ነው አላሉም? በደል ከሌለ እርቅም የለም። ያልነውን ብለናል። አያንቱ፣ ነይ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሆለታ ያወርደናል፤ ማታ እንጭኒ እንገባለን።"

አያንቱ ወደ እሳቸው ተራመደች። "ልሂድ፣ ይሻላል" አለች፣ እኔን ሳታይ። አጎቷን እምቢ የምትልበት ጉልበት አልነበራትም። ከሄደች ምን እንደሚሆን አውቄያለሁ። እንጭኒ ማንም ያን ጥያቄ አይጠይቃትም፤ ንስሐ ግቢ እያሏት አንድ ቀን ያጧታል። ከእኔ የሚጠበቀው ደግሞ ዝም ማለት ብቻ ነበር። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም፤ ሽማግሌ ነው የፈረደው። ሰዓት ሙሉ የተመኘሁት ዕረፍት በእጄ ገብቶ ነበር።

"አትሄድም" አልኩ።

ኦቦ ፈይሳ ሰውነቴን ከላይ እስከ ታች አዩ። "ሽማግሌ ትረግጣለህ?"

ሐጂ ነስሩ በመሐል ገቡ። "ፈይሳ፣ ከታመመችማ የእኛ ነገር እዚህ ላይ አበቃ። የታመመ ሰው ይታከማል እንጂ አይፈረድበትም።"

 ኦቦ ፈይሳ ጣታቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ። "ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ደሟን የምጠይቀው ከአንተ ነው።"

"እሺ" አልኩ። ሣሩን የት እንደጣልኩት እስከ ዛሬ አላስታውስም። የአያንቱን እጅ ይዤ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቃና ብላችሁ እንዳትጠብቁ። አዲስ አበባ ለመሄድ ከቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል። የቀበሌው ጸሐፊ "የጉዞው ምክንያት?" ብሎ ሰው በተሰበሰበበት ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሐኪሙ ኪኒን ሰጣት፤ ለሳምንታት ምንም ለውጥ የለም፤ አፏ ይደርቃል፣ ትተኛለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ እየለመንኩ አምቦ አደርሳታለሁ። አንድ ማክሰኞ በመስኮት አጮልቄ ባይ ሲስተርና እሷ ቁጭ ብለው ድንች ይልጣሉ። ሳያወሩ! ለዚህ ነው ወይ ይህን ሁሉ መንገድ የማመላልሳት ብዬ ጦፍኩ። ሲስተርን ስጠይቃቸው "ባለፈው ወር ቢላ መያዝ ሰልችቷት ነበር። ዛሬ አሥራ አንድ ድንች ላጠች። ለዚህ ነው" አሉኝ።

ማታ ማታ እጠይቃታለሁ።  "አዎ" ትለኛለች። ወንበሬን አስጠግቼ እቀመጣለሁ። "ልጅሽን አታስቢም?" የሚለው ስንት ጊዜ አፌ ደርሶ ዋጥኩት! "አዎ።" "አዎ።" "ጠዋት ላይ ትንሽ።" "አዎ።" ሁለት ጊዜ ብሶባት በአገኘሁት የጭነት መኪና አምቦ አድርሻታለሁ። መምከር እንጂ መቀመጥ አስተምረው አላሳደጉንምና ከምንም በላይ የከበደኝ ዝም ብሎ መቀመጡ ነበር።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ካቶሊክ ሆናችሁ ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አልሆንንም። አያንቱም እንደ ወላጆቿ ናት። ሲስተርም አንድ ቀን ሁኑ አላሉንም። ተአምር ተደረገ ብዬም አልዋሻችሁም፤ ከዚያ ወዲህ በሽታው ሁለት ጊዜ ተመልሶባታል፤ ሁለቱንም ጊዜ መንገዱን እናውቀው ነበር። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከጎናችሁ ያለ ሰው ዝም ሲል ጥፋታችሁን ፍለጋ አትሂዱ። ምን ጎደለሽ፣ ምን ጎደለህ አትበሉ። ቃሉን ጠርታችሁ ጠይቁ። እኔ ቃሉን ሳልጠራ ሰባት ወር ልገድላት ነበር።

አሁን አንድ ምሽት ልንገራችሁና ላብቃ። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አሥር ወር ሆኗል። ከገጠር ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ደብድቦኝ ገባሁ። አያንቱ ሽንኩርት ታቁላላለች፤ ሲፈን እግሯ ሥር ትጫወታለች። ረስቼ እንዳልተኛ ብዬ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጠየቅኳት።

"ዛሬ የመሞት ሐሳብ መጥቶብሻል?"

ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። ዓይኗ ይብለጨለጫል።

"አንተ ሰውዬ! በየማታው እሱን ብቻ ነው የምታውቀው? በርበሬ አልቋል ብዬህ ሦስት ቀኔ፤ የጠረግኩትን ቤት በጭቃ ጫማህ አበላሸኸው፤ ሽንኩርቴን አሳረርክብኝ! አልመጣብኝም! ዛሬ የመጣህብኝ አንተ ነህ! ውጣልኝ!"

ወጣሁ። ዝናቡ ውስጥ ቆሜ እንደ ሕፃን አነባሁ። ጩኸቷ አጥር ተሻግሮ ኖሮ ሐጂ ነስሩ ጃንጥላ ይዘው ብቅ አሉ።

"ምነው ለማ? ተጣላችሁ እንዴ?"

"አዎ፣ ሐጂ!" አልኳቸው። "ተጣላን! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተጣላን!"

ሐጂ ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ከቤት የሚመጣውን ቁጣ ጥቂት አዳመጡ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ።